«ጠብቂ፣ ይወርዳል» ያልኳት እህቴና የላፕቶፕ ዋጋ



ዛሬ ጤፍም፣ ሰሊጥም፣ ሲሚንቶም የለም። ዛሬ ስለ ላፕቶፕ ነው የማወራው። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ሳልመልስ ያቆየሁት ይሄን ነው፦ «ለልጄ ላፕቶፕ ልግዛላት ወይስ ትንሽ ልጠብቅ? ይወርዳል ይባላል።» ዝም ያልኩት ጥያቄውን ንቄ አይደለም። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ መልሼ፣ ያውም ለገዛ እህቴ፣ ተሳስቼ ስለነበር ነው። ስህተቱን ሳልናገር ምክር ብሰጥ ደግሞ አያምርም። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

በእኛ ቤተሰብ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚደወለው ለእኔ ነው። የዕቃ ዋጋ ሲጠየቅም የሚደወለው ለእኔ ነው። ሰኔ 2016 ላይ ታላቅ እህቴ እቁብ ደረሳትና ደወለች። ልጇ ያን ጊዜ 12ኛ ክፍል ነበረች። «ዩኒቨርሲቲ ከመግባቷ በፊት ላፕቶፕ ልግዛላት፣ ምን ትላለህ?» አለችኝ። እኔም አዋቂ ነኝና «እትዬ፣ ምን ያስቸኩልሻል? ልጅቷ ገና አልተፈተነችም። ኮምፒውተር እኮ እንደ ጤፍ አይደለም፣ በየጊዜው ይወርዳል። ጠብቂ» አልኳት። ጠበቀች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። እንደገና ደወለች። «አሁን ገበያው ደንግጧል፣ እስኪረጋጋ ጠብቂ» አልኳት። አሁንም ጠበቀች። ልጅቷ የመጀመሪያውን ዓመት በስልክና በጓደኛ ላፕቶፕ ጨረሰች። ዘንድሮ አካውንቲንግ ደረሳት፣ ከዚያ በኋላ በስልክ የማይሆን ነገር መጣ። ታኅሣሥ 2018 ላይ እህቴ ከሱቅ ውስጥ ሆና ደወለች፦ «ስማ ወንድሜ፣ ያ ገንዘብ ዛሬ የሚገዛው ክዳን የሌለው ላፕቶፕ ነው። ክዳኑን ለብቻው በዱቤ ይሸጣሉ እንዴ?»

ሳቅኩ፣ ግን አልሳቀችም። እቁቡ የሁለት ዓመት ቁጠባዋ ነበር።

ታዲያ የት ላይ ነው የተሳሳትኩት? ሦስት ቦታ ላይ። አንድ በአንድ እንየው፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ዛሬ እዚያው ላይ ናችሁ።

፩. «ኮምፒውተር ይረክሳል» የሚለው ነገር

ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጎርደን ሙር የሚባል የቺፕ መሐንዲስ በአንድ ቺፕ ላይ የሚገባው ትራንዚስተር በየጊዜው እጥፍ እየሆነ እንደሚሄድ ጻፈ። በኋላ «በየሁለት ዓመቱ» ተብሎ ተስተካከለ። ለአሥርተ ዓመታትም በግምት እንደዚያው ሄደ። «የኮምፒውተር ዋጋ ሁሌ ይወርዳል» የምንለው ከዚህ የመጣ ነው።

ግን አስተውሉ። የወረደው የአንዱ ላፕቶፕ ዋጋ ሳይሆን በላፕቶፑ ውስጥ ያለው የአንዱ ጊጋባይት ዋጋ ነው። እኛ ሰፈር ዳቦ ዋጋው ባለበት ሆኖ ግራሙ ይቀንሳል። ኮምፒውተር የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ዋጋው ባለበት ሆኖ ግራሙ ይጨምራል። ከአሥር ዓመት በፊት ዝቅተኛው ላፕቶፕ 300 ዶላር አካባቢ ነበር፣ አሁንም ዝቅተኛው ከዚያ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ የዛሬው 300 ዶላር የተሻለ ዕቃ ያመጣል።

የተጨመረውን ግራም ደግሞ ማን ይበላዋል? ፕሮግራሙ። ድሮ በ2 ጊጋባይት ራም ኢንተርኔት ከፍተን፣ ወርድ ጽፈን፣ ዘፈን እናዳምጥ ነበር። ዛሬ ብሮውዘሩ ብቻውን አሥር ገጽ ሲከፈትበት ያንን ይጨርሳል። ስለዚህ አንድ ተማሪ «የሚበቃኝ ላፕቶፕ» ብሎ የሚከፍለው ዶላር ከዓመት ዓመት ያን ያህል አልወረደም። እኔ ለእህቴ የነገርኳት የጊጋባይት ዋጋ ነበር። እሷ ግን ጊጋባይት ልትገዛ አልነበረም የሄደችው።

፪. የምንገዛው በብር ነው

ይሄኛውን ስህተት የዚህ ቻናል አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም አውቀው ነበር፣ ግን ለእህቴ ስመክር ረሳሁት።

ለስሌት እንዲቀል አንድ 300 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ እንውሰድ። ቀረጥና ትርፉን ለጊዜው እንተወው። ከሐምሌ 22 በፊት ባንክ ዶላርን በ57 ብር ገደማ ይመነዝር ነበር፣ ስለዚህ ላፕቶፑ በወረቀት 17,100 ብር ነበር። ዘንድሮ በ150 ብር አካባቢ ብንመታው 45,000 ይሆናል። እዚህ ላይ «ኧረ ከ57 ወደ 150!» ብሎ መደንገጥ ይመጣል። ግን ልክ አይሆንም። ያን ጊዜም ቢሆን ባንክ በ57 ዶላር ሰጥቶት ላፕቶፕ ያስገባ ነጋዴ ስንት ነበር? አብዛኛው ዶላሩን ያገኘው ከትይዩ ገበያ፣ ከባንኩ እጥፍ ገደማ ከፍሎ ነው። በ115 ብንመታው 34,500 ብር ይመጣል። እህቴ ሱቅ ብትሄድ ኖሮ ያን ጊዜ የምትጠየቀው ወደዚህ የቀረበውን ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው ጭማሪ ከ34,500 ወደ 45,000 ነው፣ አንድ ሦስተኛ ገደማ።

ብሩ እስከዚያ ባንክ ነበረ። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ 34,500 ብር ላይ ብናሰላው ወደ 38,100 ይደርሳል። ላፕቶፑ ሲሮጥ ወለዱ በእግሩ ይከተለዋል ማለት ነው።

በዶላር ዋጋው የማይወርድ ዕቃን በብር ይዞ መጠበቅ ቁጠባ አይደለም። ይሄን እኔ ስለ ብረት፣ ስለ ጎማ፣ ስለ መድኃኒት ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። ላፕቶፕ ሲሆን ግን «ቴክኖሎጂ ነው» የሚለው ቃል ዓይኔን ሸፈነው።

፫. ራም እንደ ቡና ነው

ሦስተኛው ስህተት ዘንድሮ የመጣ ነው፣ እሱም ከሁሉም የበለጠ ለዚህ ቻናል የሚስማማ ወሬ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ብዙ ሰው ፎቶ የሚቀመጥበትንም «ሚሞሪ» ይለዋል። ሁለቱ ይለያያሉ። ሀርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ ጎተራው ነው፣ መብራት ቢጠፋም የገባው እህል እዚያው ይቆያል። ራም ደግሞ ምጣዱ ጎን ያለው ገበታ ነው፣ አሁን እየተሠራበት ያለው ብቻ ይቀመጥበታል፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይራገፋል። ገበታው ጠባብ ከሆነ ባለሙያዋ በየደቂቃው ጎተራ ትመላለሳለች። ኮምፒውተር «ይጎተታል» የምንለው ብዙ ጊዜ ይሄ ምልልስ ነው።

ራም ደግሞ ሸቀጥ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ራም የሌላውን ይተካል፣ ደረጃው አንድ ነው፣ የሚለያየው ዋጋው ነው። የዓለምን ራም በአብዛኛው የሚያመርቱት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፦ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ ከደቡብ ኮሪያ፣ ማይክሮን ከአሜሪካ። ፋብሪካ ለመጨመር በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላርና ዓመታት ይፈጃል። ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት እንደሚጠበቀው ማለት ነው። ብራዚል ውስጥ በ1975 እ.ኤ.አ. ውርጭ ቡናውን ሲያቃጥለው ዓለም ዓመታት የጠበቀው ለዚህ ነው። ዋጋ ዛሬ ቢወጣ አቅርቦቱ ዛሬ አይመጣም። በዚህ መሀል ሁሉም አንድ ላይ ይተክላል፣ አንድ ላይ ያፈራል፣ ከዚያ ዋጋው ይወድቃል። የሽንኩርትን ወሬ የምትከታተሉ ይሄን ጨዋታ ታውቁታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ራም እንደዚያ ወድቆ ነበር። ከኮሮና ጊዜ ግዢ በኋላ ኮምፒውተር የሚገዛ ጠፋ፣ መጋዘን ሞላ፣ ኩባንያዎቹ ከሰሩና ምርት ቀነሱ። ያኔ የገዛ ሰው ተጠቅሟል። ከዚያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መጣ። የዳታ ሴንተር ቺፖች ኤችቢኤም የሚባል ተደራርቦ የሚሠራ ልዩ ሚሞሪ ይፈልጋሉ። ቺፕ የሚታተምበት የሲሊከን ክብ ሳህን አለ፣ ዌፈር ይባላል። አንድ ጊጋባይት ኤችቢኤም ለመሥራት ለተራው ራም ከሚያስፈልገው ዌፈር ሦስት እጥፍ ገደማ ይወስዳል። ትርፉ ግን ከተራው ይበልጣል። ገበሬው ጤፉን ነቅሎ ጫት ሲተክል ያላችሁትን አስታውሱ። ፋብሪካውም ያደረገው ያንን ነው።

መስከረም 21 ቀን 2018 ላይ ቻትጂፒቲን የሚሠራው ኦፕን ኤአይ ከሳምሰንግና ከኤስኬ ሃይኒክስ ጋር ስምምነት አደረገ። የተነገረው መጠን በወር እስከ 900 ሺህ ዌፈር ሊደርስ ይችላል የሚል ነው። በየዓለሙ ያሉ ገዢዎች ይሄን ሲሰሙ «ሳያልቅ ልያዝ» አሉ። ኅዳር 2018 ላይ ደግሞ ማይክሮን ለተራው ተጠቃሚ ራምና ኤስኤስዲ የሚሸጥበትን «ክሩሺያል» የተባለ ምልክት እንደሚዘጋ አስታወቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሚሞሪውን ለትልልቅ ደንበኞች ማድረስ ይሻለዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ 32 ጊጋባይት ዲዲአር5 ራም ከእጥፍ አልፎ ሦስት እጥፍ የደረሰበት ሱቅ አለ። ኤስኤስዲም ተከትሎ ጨመረ። የቆየው ዲዲአር4 እንኳ አልተረፈም፣ ፋብሪካዎቹ እሱን እየተዉት ስለሆነ።

«እኛ የምንገዛው ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፣ ምን አገናኘን?» ትሉ ይሆናል። ነጋዴ ዋጋ የሚያወጣው በገዛበት አይደለም፣ መልሶ በሚተካበት ነው። ዱባይ ያለው ሻጭ የዕቃው ራም ብቻውን ተነቅሎ ቢሸጥ ስንት እንደሚያወጣ ያውቃል። አዲሱ ላፕቶፕ ሲወደድ ደግሞ አዲስ ሊገዛ የነበረው ሰው ወደ ያገለገለው ይወርዳል፣ ያገለገለውም ይወደዳል። መገናኛ ያለው ሱቅ ባለቤት ስለ ኦፕን ኤአይ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። አምጪው ግን ሰምቷል።

አሁን ስሌታችንን እንጨርስ። 300 ዶላር የነበረው ላፕቶፕ በራሙ ምክንያት 15 በመቶ ቢጨምር 345 ይሆናል። በ150 ሲመታ 51,750 ብር። እህቴ ከወለዱ ጋር የያዘችው 38,100 ገደማ። ልዩነቱ 13,650 ብር። ይሄ የእኔ ምክር ዋጋ ነው። በነፃ ነበር የሰጠኋት።

፬. ታዲያ ምን አደረግን?

ሱቁን ትታ እንድትመጣ ነገርኳት። እኔም ወደ ቤቷ ሄድኩ። አልጋ ሥር የባለቤቷ የድሮ ላፕቶፕ አለ፣ 5ኛ ጀነሬሽን ኮር ፋይቭ፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት ሀርድ ዲስክ። «ሞቷል» ተብሎ ነው የተቀመጠው። እኔ ራሴ ከሦስት ዓመት በፊት «ለቆራሌው ስጡት» ብዬ ነበር። እህቴ ለቆራሌው ያልሰጠችው የአባታችን ፎቶዎች ውስጡ ስለነበሩ ነው።

ከፈትኩት። ለመነሳት አራት ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ግን ተነሳ። በቤተሰብ ኮምፒውተር ጥገና የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር «ሞቷል» ከተባሉት ውስጥ ብዙዎቹ ደክመው ነው እንጂ እንዳልሞቱ ነው። ያደረግኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ እንደዚህ ያለ ካለ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ፎቶውን ማውጣት። ማንም «ፎርማት ላድርግልህ» ቢላችሁ መጀመሪያ ያለውን ገልብጡ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ያሳያል። የእህቴን ዲስክ በቢጫ «ጥንቃቄ» አለው። እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ምንም አይጫንም፣ ምንም አይጻፍም፣ ይገለበጣል ብቻ። ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ። ጥቂት ፎቶዎች አልከፈቱም። የአባታችን ግን ወጡ። አንድ ኮፒ በውጭ ዲስክ፣ አንድ ኮፒ በእኔ ቤት አስቀመጥን። በዚያ ሌሊት እህቴ ስለ ላፕቶፑ ዋጋ አንዴም አላነሳችም።

ሁለተኛ፣ ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር። የድሮው ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ሳህን ላይ በመርፌ የሚያነብ ነው። እያንዳንዷን ትንሽ ፋይል ለማግኘት መርፌው ይንቀሳቀሳል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ላፕቶፕ ላይ ከምታወጡት ብር ሁሉ በጣም የሚታየው ለውጥ ይሄ ነው። 256 ጊጋባይት ለተማሪ ይበቃል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ «2 ቴራባይት» ተብሎ በእርካሽ የሚሸጥ ኤስኤስዲና ፍላሽ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ 2 ቴራ ብሎ ይታያል፣ ውስጡ ግን ጥቂት ጊጋባይት ነው። ከሞላ በኋላ የምትጽፉት ሁሉ ይጠፋል። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባል ነፃ መፈተሻ አለ፣ ሙሉውን ጽፎ መልሶ ያነባል። ሱቁ እሱን ለማስፈተሽ ካልፈቀደ ጥላችሁ ውጡ።

ሦስተኛ፣ ራም። ከመግዛታችሁ በፊት ዓይነቱን እዩ። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4፣ ዲዲአር5 አይተካኩም፣ መሰኪያቸውም አይገጥምም። የላፕቶፕ ራም ከዴስክቶፑ ያጥራል። ክፍት መሰኪያ ከሌለስ? አንዳንዱ ቀጭን ላፕቶፕ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ብትከፍቱ ስንት መሰኪያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። የእህቴ ዲዲአር3 ነበር፣ ይሄ ዕድል ሆነላት። የዓለም ሽሚያው በአዲሶቹ ላይ ነው። መገናኛ አንድ ጠጋኝ ጋ ስክሪኑ ከተሰበረ ላፕቶፕ የወጣ 4 ጊጋባይት አገኘን። በድምሩ 8 ሆነ።

አራተኛ፣ አቧራ። ማራገቢያው በአቧራ ሲታፈን ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰው ይሄን «አርጅቷል» ይለዋል። ከውስጡ የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር ብል ማጋነን ነው፣ ግን የመርፌ ትራስ ይሞላል። ባትሪው ካበጠ ደግሞ ቀልድ የለም። አትጫኑት፣ አትብሱት፣ አውጡና በላፕቶፑ ቻርጀር ብቻ ተጠቀሙ፣ ካልሆነ በአዲስ ቀይሩ።

አምስተኛ፣ ዊንዶውስ። እዚህ ላይ ነው ጥገናው ወሰን ያለው። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ መደበኛ ድጋፉ አልቋል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ወዲህ ያለውን ነው በይፋ የሚቀበለው። የእኛ 5ኛ ነው። ለደብዳቤና ለኢንተርኔት ቢሆን ሊኑክስ ሚንት ጭኜ እገላገል ነበር፣ ነፃ ነው፣ ለአሮጌ ማሽንም ይመቻል። ግን አካውንቲንግ ተማሪ ናት። ኤክሴልና ፒችትሪ ይፈልጓታል፣ ፒችትሪ ደግሞ ዊንዶውስ ይፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የአንድ ዓመት የደህንነት ማራዘሚያ ሰጥቷል፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ቅንብር ባክአፕ ማድረግ ለፈቀደ ሰው ክፍያ የለውም። እሱን አስገባሁላት። «ክራክ ያደረግኩት አለ፣ ልጫንልሽ» የሚል ጓደኛ ቢመጣ እንዳትሰሚ ብያታለሁ። የእናትዋ የባንክ አፕ የይለፍ ቃል እዚያው ላይ ነው የሚጻፈው።

ላፕቶፑ አሁን ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነሳል። ለሁሉም ያወጣነው ከአዲሱ ላፕቶፕ ዋጋ አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። ግን አዲስ አልሆነም። ባትሪው ብዙ አይቆይም፣ ከዓመት በኋላ የደህንነት ጥያቄው ይመለሳል። የገዛነው ጊዜ ነው። ጊዜ ደግሞ ዘንድሮ በራም ገበያ ላይ በጣም ውድ ዕቃ ነው።

፭. «ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?» ለምትሉኝ

አሁን ጥያቄያችሁን ልመልስ።

ላፕቶፑ ዛሬ ለሥራ ወይም ለትምህርት የግድ ካስፈለገና ቤት ውስጥ የሚነሳ ነገር ከሌለ፣ የሚበቃችሁን ያህል ዛሬ ግዙ። የልጅ ትምህርት ላይ የዋጋ ግምት አይቆመርም። ነጋዴ ሲጠብቅ መጋዘኑ ነው የሚጠብቀው፣ እናንተ ስትጠብቁ ግን ልጅቷ ናት የምትጠብቀው።

ቤት ውስጥ አሮጌ ካለ መጀመሪያ እሱን አስከፍቱት። ኤስኤስዲ ከሌለው፣ ራሙ 4 ከሆነ፣ ከጨመራችሁለት ዓመት ሁለት ዓመት ይሄዳል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ «ኮር ሰቨን ነው» በሚለው አትታለሉ፣ ጀነሬሽኑን ጠይቁ። የ3ኛ ጀነሬሽን ኮር ሰቨን ብዙ ጊዜ ከ8ኛ ጀነሬሽን ኮር ፋይቭ ይዘገያል፣ ዊንዶውስ 11ም አይቀበለውም። ዘንድሮ ከ8ኛ በታች የሆነ መግዛት ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበ መድኃኒት እንደ መግዛት ነው፣ ካልረከሰ አይነካም። ሻጩ ፊት ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ራሙን እዩ፣ ሰሞኑን 16 ተብሎ 8 ሆኖ የሚገኝ አለ። ራም ሲወደድ የሚነቅለው ይበዛል።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ባለፈው ዓመት 16 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ የገዛችሁ ካላችሁና ጠጋኝ ጋ የምትወስዱት ከሆነ፣ ከመስጠታችሁ በፊት የራሙን ፎቶ አንሱ። የጤፍ ከረጢት ወፍጮ ቤት ስትልኩ ምልክት እንደምታደርጉት።

ይወርዳል ወይ? ራም እስከ ዛሬ ወጥቶ ሳይወርድ ቀርቶ አያውቅም፣ በ2023 ያየነው ያንን ነው። አዳዲስ ፋብሪካዎችም እየተሠሩ ነው። ግን ፋብሪካ እንደ ቡና ችግኝ ነው፣ ዘንድሮ አያፈራም። ሲወርድም የሚወርደው በዶላር ነው። በብር ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሁለተኛውን ክፍል መልሳችሁ አንብቡት። «ጠብቂ» የሚለውን ቃል ዳግመኛ ስጽፍ ካያችሁኝ ከሥሩ ስሌት መኖሩን አረጋግጡ፣ ከሌለ አትስሙኝ።

እህቴ ያለፈው ቅዳሜ ደወለች። ልጅቷ የመጀመሪያውን የፒችትሪ አሳይመንት በላፕቶፑ ሠርታ አስገብታለች። «የተረፈውን ብር ምን አደረግሽው?» አልኳት፣ ለሚቀጥለው ዓመት በምን መልክ እንደምታስቀምጠው ልመክራት ፈልጌ። «ሁለት ኩንታል ጤፍ ገዛሁበት፣ የቀረውን ለአዲሱ እቁብ ጣልኩት፣ የመጀመሪያውን ዙር ለምኜ ወሰድኩ» አለችኝ።

ጤፉን በስንት እንደገዛች ጠየቅኳት። ነገረችኝ። እኔ ባለፈው ሳምንት እዚህ ከጻፍኩት ዋጋ በታች ነው።

የነገው የእህል ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለቀቃል። ላፕቶፕ ለሚገዛ ዘመድ ይሄን አስተላልፉለት።